አራት አይጦች፣ አርባ ዓመት ክርክር

እ.ኤ.አ. በጁን 2025 መቀመጫውን ቦሎኛ ያደረገው የጣሊያኑ ራማዚኒ ኢንስቲትዩት አንድ ጥናት ይፋ አደረገ። ጥናቱ ግላይፎሴት ስለተባለው አረም ማጥፊያ ነው። ገና በእናታቸው ማህፀን ሳሉ ጀምሮ ለኬሚካሉ የተጋለጡ አይጦች በብዙ የሰውነት ክፍላቸው ዕጢ እንደወጣባቸው ይገልጻል። ኩላሊት ከእነዚህ አንዱ ነው።

ወሬው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲደርስ ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን "ይኸው፣ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋገጠ" አለ። ሌላው "ጥቂት አይጥ ላይ የታየ ነገር ምን ዋጋ አለው?" ብሎ አጣጣለው። ሁለቱም አንድ ነገር አልፈዋል። ተመራማሪዎቹ ካገኟቸው ዕጢዎች አብዛኞቹ በእነዚያ አይጦች ላይ እምብዛም የማይታዩ ናቸው። ይህች "እምብዛም የማይታይ" የምትል ሐረግ ትንሹን ቁጥር ትልቅ ልታደርገው ትችላለች። መልሳ ባዶ ልታስቀረውም ትችላለች።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከ2025 ይልቅ ወደ 1983 መመለስ ይሻላል። በዚያ ዓመት የተጠናቀቀ አንድ የአይጥ ጥናት አለ። የአራት አይጦች ኩላሊት እስከ ዛሬ ድረስ ባለሥልጣናትን፣ ሳይንቲስቶችንና ጠበቆችን ያከራክራል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማንም ሳይነካቸው የሚበቅሉ ዕጢዎች

የቤተ ሙከራ አይጥ ንጹሕ ምግብ እየበላ፣ ንጹሕ ውኃ እየጠጣ፣ ምንም ኬሚካል ሳይነካው ካንሰር ሊይዘው ይችላል። ሴል በተከፋፈለ ቁጥር ዘረመሉን ይገለብጣል። ሲገለብጥ ደግሞ ይሳሳታል። ስሕተቱ ይጠራቀማል። ለአይጥ ሁለት ዓመት የእርጅና ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ የሁለት ዓመት ጥናት ሲያልቅ ከአይጦቹ ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ዕጢ ተሸክመው ይገኛሉ። በሳይንሱ ቋንቋ ይህ በራሱ የሚከሰት ዕጢ ይባላል።

የት እንደሚከሰት የሚወስነው በአብዛኛው ዘሩ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም ለአሥርት ዓመታት የተጠቀመበት ቢ6ሲ3ኤፍ1 የሚባል የአይጥ ዘር አለ። ወንዶቹ የጉበት ዕጢ በጣም ያጠቃቸዋል። ሲዲ-1 የሚባለው ሌላው ዘር ደግሞ በሳንባና በጉበት ዕጢ ይታወቃል። በእነዚህ አይጦች ጉበት ላይ አምስት ወይም ስድስት ዕጢ ቢገኝ ማንም አይደነግጥም።

ኩላሊት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከኩላሊት ቱቦዎች የሚነሳ ዕጢ በአይጥ ላይ በራሱ ሲመጣ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ቶክሲኮሎጂስቶች፣ ማለትም የመርዝን ጠባይ የሚያጠኑ ባለሙያዎች፣ አንድን ዕጢ "እምብዛም የማይታይ" የሚሉት ከዚህ መስመር በታች ሲሆን ነው።

አይጥ በዚህ ከሰው ትለያለች። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ400 ሺሕ በላይ ሰዎች የኩላሊት ካንሰር ይገኝባቸዋል። በሰው ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ቪኤችኤል ከተባለ ጂን መበላሸት ጋር የተያያዘ ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ ጂን ብቻውን ከአይጥ ኩላሊት ሲያጠፉት የሰውን የሚመስል ካንሰር አልወጣም። በ2017 ፒቢአርኤም1 የተባለ ሌላ ጂን ጨምረው ሲያጠፉ ነው ካንሰሩ የመጣው። የአይጥ ኩላሊት በቀላሉ እጅ አይሰጥም ማለት ነው። ለዚህም ነው እዚያ ዕጢ ሲገኝ ባለሙያ ሁሉ ቆም ብሎ የሚያየው።

የ1983ቱ ጥናት

ሞንሳንቶ ግላይፎሴትን የያዘውን ራውንድአፕ ለገበያ ያቀረበ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ለሕጋዊ ምዝገባ በሲዲ-1 አይጦች ላይ የሁለት ዓመት ጥናት አሠራ። አይጦቹ በአራት ቡድን ተከፈሉ፤ በእያንዳንዱ ቡድን ሃምሳ ገደማ ወንድና ሃምሳ ገደማ ሴት ነበሩ። አንደኛው ቡድን ማነጻጸሪያ ነው፤ ኬሚካል አልተሰጠውም። ሦስቱ ግላይፎሴት የተቀላቀለበት ምግብ በሉ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ በጣም ብዙ። ብዙ የተሰጠው ቡድን ከሚበላው ኪሎ ምግብ ውስጥ 30 ግራሙ ግላይፎሴት ነበር።

በወንዶቹ ኩላሊት ላይ የተገኘው ዕጢ እንዲህ ነበር። በማነጻጸሪያው ከ49 አይጦች ዜሮ። በትንሹ መጠን ከ49 ዜሮ። በመካከለኛው ከ50 አንድ። በትልቁ ከ50 ሦስት። በአጠቃላይ አራት አይጦች። በሴቶቹ ላይ ምንም አልታየም።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለሙያዎች ይህን አይተው በ1985 ግላይፎሴትን "በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል" ከሚባሉት ጎራ መደቡት። ኩባንያው አልተቀበለም፤ አጋጣሚ ነው አለ። በዚያው ዓመት አንድ የኤጀንሲው የስታቲስቲክስ ባለሙያ በጻፈው ማስታወሻ ጉዳዩ ከየት ቆመህ ታያለህ የሚል መሆኑን አስረዳ። ጥርጣሬ የሚያጭር መረጃ ሲመጣ የኤጀንሲው ዕይታ የሕዝብን ጤና ከመጠበቅ መነሳት አለበት የሚል ነበር ሐሳቡ።

ሂሳቡን ብንሠራው

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የክርክሩ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ግላይፎሴት ምንም አያደርግም እንበል። ሦስት ዕጢዎች በማነጻጸሪያውና በትልቁ መጠን ባሉት 99 አይጦች መካከል እንዲያው በዕጣ ቢወድቁ፣ ሦስቱም ትልቁን መጠን በበሉት ላይ የመውደቃቸው ዕድል 12.5 በመቶ ነው። ከስምንት አንዴ። ይህ በራሱ ብዙም አያስደነግጥም። በሳይንስ የተለመደው መስመር 5 በመቶ ነው።

አሁን ማወዳደሪያውን እንቀይር። በጥናቱ ውስጥ ያሉትን 49 የማነጻጸሪያ አይጦች ትተን የዘሩን ታሪክ እንይ። ባለፉት ዓመታት በተለያዩ ጥናቶች ምንም ኬሚካል ሳይነካቸው ያረጁ የዚያው ዘር አይጦች መዝገብ አለ፤ "የቀደምት ማነጻጸሪያ" ሊባል ይችላል። በዚህ መዝገብ መሠረት የኩላሊት ዕጢው ከ200 አይጥ በአንዱ ላይ ይታያል ብንል፣ በ50 አይጦች ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ከ490 አንዴ ገደማ ይሆናል። ከ100 አይጥ በአንዱ ላይ ይታያል ብንል እንኳ ከ70 አንዴ ነው። ያው ሦስት ዕጢ ነው፣ ያው ኩላሊት ነው። የተቀየረው አጠገቡ ያስቀመጥነው ነገር ብቻ ነው። ውጤቱ ግን "ምንም አይደል" ከሚለው ወደ "በጣም ያጠራጥራል" ተሻገረ።

እምብዛም የማይታይ ዕጢ ጠባዩ ይኸው ነው። 49 አይጥ፣ ከመቶ አንድ የማይሞላን ነገር ለመለካት ትንሽ ነው። ዜሮ ቢገኝ ዜሮው ራሱ ብዙ አይናገርም። ለዚህ ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ገምጋሚዎች ሁለት መስመር የሚጠቀሙት። ሁለት ቡድን ሲያወዳድሩ ለተለመደ ዕጢ የ1 በመቶ፣ እምብዛም ለማይታይ ዕጢ ደግሞ ላላ ያለውን የ5 በመቶ መስመር ይወስዳሉ። ብርቅ ለሆነ ነገር ጥብቅ መስመር ብታሰምር ምንም ነገር አታገኝም።

ተቃራኒው ሐሳብም ከባድ ነው። በእንዲህ ያለ ጥናት ከእያንዳንዱ አይጥ በርካታ የሰውነት ክፍል ይመረመራል። ወንድና ሴት ለየብቻ፣ ሦስት የመጠን ደረጃ፣ ከዚያ ደግሞ በርካታ ጥናቶች። ሃያ ጊዜ ብታይ አንዱ በአጋጣሚ ብቻ የ5 በመቶውን መስመር ሊያልፍ ይችላል። የቀደምት መዝገቡም ቢሆን የማይነካ አይደለም። የአይጥ ዘር በዓመታት ውስጥ ይለወጣል፤ ምግቡ ይለወጣል፤ ስላይዱን፣ ማለትም ለማይክሮስኮፕ የተዘጋጀውን የሥጋ ቁራጭ፣ የሚያየው ባለሙያም ይለወጣል። ስለዚህ መዝገቡ ከዚያው ቤተ ሙከራና ከቅርብ ዓመታት ካልሆነ ሊያሳስት ይችላል።

እኔ ለማመን የሚከብደኝ ማወዳደሪያውን ውጤት ካዩ በኋላ መምረጥ ነው። የትኛው ማወዳደሪያ እንደሚያገለግል ጥናቱ ሳይጀመር ቢጻፍ ከአርባ ዓመቱ ክርክር ግማሹ አይኖርም ነበር።

አምስተኛዋ አይጥ

ኩባንያው አንድ ስመ ጥር ፓቶሎጂስት ቀጠረ። ፓቶሎጂስት ማለት ከሰውነት የተወሰደ ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታን የሚለይ ሐኪም ነው። እሱም የቆዩትን ስላይዶች እንደገና ሲያይ በማነጻጸሪያው ቡድን፣ ማለትም ግላይፎሴት ባልበላ አንድ አይጥ ኩላሊት ላይ፣ ዕጢ አገኘሁ አለ።

አንዲት አይጥ ምን ታመጣለች? ሂሳቡን መልሰን እንሥራ። አሁን ዕጢዎቹ በማነጻጸሪያው አንድ፣ በትልቁ መጠን ሦስት ናቸው። አራቱ በዕጣ ቢወድቁ ሦስትና ከዚያ በላይ ትልቁን መጠን በበሉት ላይ የመገኘታቸው ዕድል ወደ 32 በመቶ ይወጣል። ከስምንት አንዴ የነበረው ከሦስት አንዴ ሆነ። የሁለት ዓመት ጥናት ትርጉም በአንዲት ስላይድ ተገለበጠ።

ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል ለሚል ሰው የኩላሊቱን መጠን ማሰብ ይበቃል። የአይጥ ኩላሊት ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰም ይደርቅና አምስት ማይክሮን ገደማ በሆነ ውፍረት ይቆረጣል። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ከሙሉው ኩላሊት አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ያለ ስስ ቁራጭ ስላይድ ላይ ይወጣል። የተቀረው ሰሙ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል። አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዕጢ ቢላው ካለፈበት ቦታ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። በዚያ ላይ፣ እያደገ ባለ ጤነኛ ቱቦና ጅምር በሆነ ዕጢ መካከል ያለው ድንበር ሁልጊዜ ጥርት ያለ አይደለም። አንዱ ባለሙያ አዴኖማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ ዕጢ፣ የሚለውን ሌላው የሴሎች መብዛት ብቻ ሊለው ይችላል።

ኤጀንሲው ከተቀመጡት ኩላሊቶች ተጨማሪ ቁራጭ እንዲወጣ አዘዘ። በአዲሶቹ ቁራጮች ላይ ሌላ ዕጢ አልተገኘም። የማነጻጸሪያዋ አይጥ ዕጢ በእርግጥ ዕጢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው የኤጀንሲው ፓቶሎጂስትና የውጭ ባለሙያዎች ቡድን ሳይስማሙ ቀሩ። በ1986 የኤጀንሲው የሳይንስ አማካሪዎች መረጃው ወደ የትኛውም ወገን ለመወሰን አይበቃም አሉ። ጥናቱ ይደገም የሚል ጥያቄም ተነሣ። ጥናቱ ግን አልተደገመም። በ1991 ኤጀንሲው ግላይፎሴትን በሰው ላይ ካንሰር ስለማምጣቱ ማስረጃ ወደሌለበት ጎራ አዛወረው፤ ከገምጋሚዎቹ አንዳንዶቹ አልተስማሙም።

ከዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር አንድ የኩባንያው የውስጥ ደብዳቤ ይፋ ወጣ። ፓቶሎጂስቱ ስላይዶቹን ከማየቱ በፊት የተጻፈ ነው። ስላይዶቹን አይቶ ዕጢዎቹ ከግላይፎሴት ጋር እንደማይገናኙ ኤጀንሲውን ለማሳመን እንደሚቀርብ ይገልጻል። ይህ ሰውየው ያየው ዕጢ የለም ማለት አይደለም፤ ዕጢው ሊኖር ይችላል። ሆኖም ውጤቱ ምን መሆን እንዳለበት እየታወቀ የተነበበ ስላይድ፣ የትኛው ከየትኛው ቡድን እንደመጣ ሳይታወቅ ከተነበበ ስላይድ ጋር እኩል ክብደት ሊሰጠው አይችልም።

አንድ መረጃ፣ ሁለት ብይን

በማርች 2015 በፈረንሳይ ሊዮን የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግላይፎሴትን "በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም" ተብሎ በሚተረጎመው 2ኤ ምድብ አስገባው። የ1983ቱ የኩላሊት ዕጢዎች ከተጠቀሱት ማስረጃዎች መካከል ነበሩ። ኤጀንሲው ሁለት ቡድን ብቻ አላወዳደረም። መጠኑ ሲጨምር ዕጢውም ይጨምራል ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎን፣ ይጨምራል ሲል ደመደመ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ካንሰር የማምጣቱ ነገር የማይመስል ነው አለ። ምክንያቶቹ ቀላል አይደሉም። ዕጢው በወንዶች ብቻ መታየቱ አንድ ነው። ከዕጢ በፊት መታየት የነበረበት የቱቦ ለውጥ አለመታየቱ ሌላ ነው። በሌሎች የአይጥ ጥናቶች ውጤቱ ወጥ አለመሆኑም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጠኑ። በትልቁ ቡድን የነበሩት ወንድ አይጦች በቀን የበሉትን ወደ 60 ኪሎ ሰው ብንመልሰው 290 ግራም ገደማ ግላይፎሴት ይሆናል። አውሮፓ ለዚያው ሰው በቀን የሚፈቅደው 30 ሚሊ ግራም ነው። ልዩነቱ ወደ አሥር ሺሕ እጥፍ ይጠጋል።

የራማዚኒ ጥናት ጫጫታ ያስነሳውም በዚህ ምክንያት ነው። የተጠቀመበት ትንሹ መጠን ይኸው አውሮፓ የሚፈቅደው ነው። እንስሳቱ ግን ራት የሚባሉት ትልልቆቹ አይጦች ናቸው። የ1983ቱ ማውስ የሚባሉት ትንንሾቹ ነበሩ። እኛ ሁለቱንም አይጥ ስለምንል ይምታታል፤ የኩላሊታቸው ጠባይ ግን አንድ አይደለም። ለምሳሌ ወንድ ራት ብቻ ያለው አንድ ፕሮቲን ከአንዳንድ ኬሚካሎች ጋር ተጣብቆ ኩላሊት ላይ ዕጢ ያመጣል። ሰው ያ ፕሮቲን ስለሌለው የአሜሪካው ኤጀንሲ በ1991 እንዲህ ያለው ዕጢ ለሰው እንደ ማስረጃ እንዳይቆጠር ወስኗል። ትንሿ አይጥ ላይ ይህ ሰበብ አይሠራም።

ሁለቱ ተቋማት የሚጠይቁት ጥያቄም የተለያየ ነው። ሊዮን ያለው የሚጠይቀው "ይህ ነገር ካንሰር የማምጣት ጠባይ አለው ወይ?" ብሎ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ የሚጠይቁት "ሰው በሚያገኘው መጠን ይጎዳዋል ወይ?" ብለው ነው። ልዩነቱን ጓያን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ጓያ ሽባ የሚያደርግ ነገር በውስጡ አለ፤ ይህ ጠባዩ ነው። አልፎ አልፎ ሽሮው ውስጥ ገብቶ የበላውና በድርቅ ዘመን ለወራት እሱን ብቻ የበላው ግን ዕጣቸው አንድ አይደለም። "ጓያ ያሽመደምዳል" እና "ይህች ጭልፋ አታሽመደምድም" አይጣሉም።

ዛሬ ነገሩ የት ደርሷል?

ሞንሳንቶን በ2018 የጀርመኑ ባየር ገዛው። በ2020 ባየር የካንሰር ክሶችን ለመዝጋት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ክሶቹ በአብዛኛው ሆጅኪን ያልሆነ ሊምፎማ ስለሚባል የደም ካንሰር ዓይነት እንጂ ስለ ኩላሊት አልነበሩም። በጁን 2022 ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የአሜሪካው ኤጀንሲ ስለ ካንሰር የደረሰበት መደምደሚያ የራሱን መመሪያ አልተከተለም ብሎ ሻረው። ኤጀንሲውም በግላይፎሴት ላይ ሰጥቶት የነበረውን ጊዜያዊ ውሳኔ ሳበ። አውሮፓ ደግሞ በኖቬምበር 2023 ፈቃዱን ለአሥር ዓመት አደሰ።

በሰዎች ላይ ከተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ ከ54 ሺሕ በላይ ፀረ ተባይ ረጪዎችን የተከታተለው ነው። በ2018 የወጣው ውጤት በግላይፎሴትና በሊምፎማ መካከል ግንኙነት አላሳየም። ሌሎች ጥናቶች ግንኙነት አለ ይላሉ።

እምብዛም የማይታየው ዕጢ ራሱ ሲጠቅም

ጥቂት ከመንገዳችን ወጣ እንበል። እነዚህ ዕጢዎች ለክርክር ብቻ አልዋሉም። ባልብ/ሲ በሚባለው የአይጥ ዘር ኩላሊት ላይ በራሱ የበቀለ አንድ ዕጢ ነበር። ሴሎቹ ተወስደው ሬንካ በሚል ስም ሲባዙ ኖሩ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኩላሊት ካንሰር መድኃኒቶች ይሞከሩበታል። በ1954 ደግሞ ኦስሎ ውስጥ ኤከር የተባለ ተመራማሪ የኩላሊት ዕጢ በዘር የሚተላለፍባቸውን ራቶች ገለጸ። አርባ ዓመት ቆይቶ ያ ጠባይ ቲኤስሲ2 በተባለ ጂን መጉደል እንደሚመጣ ታወቀ። ያው ጂን በሰው ላይ ሲበላሽ በኩላሊትና በአንጎል ላይ ዕጢ ያመጣል። በአንድ አጋጣሚ የታየ ዕጢ ተከትለውት ሲሄዱ የሰው በሽታ ጋ አደረሰ ማለት ነው።

ለእኛ አርሶ አደር

ግላይፎሴት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የግብርና ፕሮግራም መሬቱን ደጋግሞ ሳያርሱ የመዝራትን ዘዴ ሲያስተዋውቅ የዘዴው አካል ነበር። ደጋግሞ ለማረስ በሬ ለሌለው ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው። ምዝገባው በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ 674/2002 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሲመራ ቆይቷል።

የ1983ቱ አይጦች ግን የአርሶ አደሩን ጥያቄ አይመልሱም። አይጦቹ ንጹሕ ግላይፎሴት በምግብ በሉ። በጀሪካን የሚሸጠው ከቅጠል ላይ እንዲጣበቅ የሚያደርጉ ሌሎች ኬሚካሎች ተቀላቅለውበታል። አውሮፓ ከእነዚህ አንዱን በ2016 ከግላይፎሴት ምርቶች አግዷል። አርሶ አደሩ ኬሚካሉን አይበላውም። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ነፋስ ሲመልሰው በቆዳውና በትንፋሹ ያገኘዋል። አውሮፓ ለሸማቹ ያስቀመጠችው የ30 ሚሊ ግራም ልክ ምግብ ላይ ለቀረ ቅሪት ነው፤ ክዳኑን በባዶ እጅ ከፍቶ ለሚቀላቅል ሰው የተሠራ አይደለም።

ስለዚህ የአይጡ ክርክር በየትኛውም ወገን ቢቋጭ፣ አገር ውስጥ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ምዝገባ ሲሰጥ የታየው የንጹሑ ኬሚካል ጥናት ብቻ ነው ወይስ የተቀላቀለውም? ጀሪካኑ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ተጽፏል ወይ? ከኬሚካሉ ጋር ጓንት የሚሸጥለት ሱቅስ አለ ወይ?